የበሶብላ ችግኞቼ እና አራት ዓይነት አፈር

ዘንድሮ አፈር በገንዘብ እንደገዛሁ ለእማዬ ስነግራት ስልኩ ላይ ዝም አለች። ቆይታ «አፈር ነው ያልሽኝ?» አለችኝ። አዎ፣ አፈር። ያውም አራት ዓይነት። እሷ ባሕር ዳር ጓሮዋ ውስጥ በሶብላ የሚበቅለው ማንም ሳይዘራው ነው። ያምናው አበባ ደርቆ ይረግፋል፣ ዝናብ ሲጥል ደግሞ ራሱ ይወጣል። እኔ ያለሁት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ሦስተኛ ፎቅ። ጓሮ የለኝም፣ ያለኝ ጠዋት ፀሐይ የሚመታው ጠባብ በረንዳ ነው። እዚህ ችግኝ የሚያድገው ገዝተን ባመጣነው አፈር ላይ ነው፣ ስለዚህ ምን እንደምንገዛ ማወቅ አለብን።

ይሄን የምጽፈው ለጀማሪ ነው። አምና 30 የሚሆኑ ችግኞች አፍልቼ ነበር፤ በሶብላ፣ ቃሪያ፣ ጥቂት ጤና አዳም። ፍሬና አበባ እስኪይዙ የቆዩልኝ አምስት ብቻ ናቸው። ዘሩ ጥሩ ነበር፣ በደንብ በቅሏል። ችግሩ የመጣው ከአፈሩና ከአዘዋወሬ ነው። በጣም ነበር ያዘንኩት፣ ምክንያቱም የበሶብላውን ዘር የሰጡኝ እዚሁ ሕንፃ ላይ የሚኖሩ አንድ እናት ናቸው፣ ለዓመታት እየዘሩ እየለቀሙ ያቆዩት ዘር ነው። (በነገራችን ላይ ከአገር ቤት ዘር በሻንጣ ይዞ መምጣት እንደ ቅመም ቀላል አይደለም። ለሚዘራ ዘር የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ይጠየቃል። እዚሁ ያለ ሰው ጠይቁ።)

አምና የተጠቀምኩት አፈር ስሙን አልጠራም። ከአንድ ትልቅ መደብር በር ላይ ተቆልሎ ያገኘሁት ርካሽ ከረጢት ነው። ስከፍተው ጥቁር፣ እርጥብ፣ ከባድ ነበር። ውስጡ ቀስ እያለ የሚለቀቅ ማዳበሪያ አለው፣ ትናንሽ ክብ ፍሬዎች ሆነው ይታያሉ። እኔ ደግሞ ጥቁር ሲሆን ለም ነው ብዬ ደስ አለኝ። የቡቃያዎቹ ቅጠል ጫፍ በሁለተኛው ሳምንት ቡናማ ሆኖ ተቃጠለ። ውሃ ያነሳቸው መስሎኝ ጨመርኩ። ከዚያ ጥቃቅን ጥቁር ዝንቦች ከአፈሩ ላይ መነሳት ጀመሩ፣ ቀጥሎ ደግሞ ግንዳቸው ልክ አፈሩን በሚነካበት ቦታ ላይ እየቀጠነ፣ እንደ ክር እየሆነ፣ አንድ በአንድ ተኙ። ማታ ቆመው ያየኋቸው ጠዋት ወድቀው ይጠብቁኛል። ይሄ በሽታ አፈር ውስጥ ያሉ ሻጋታ መሰል ነገሮች የሚያመጡት ነው፣ እርጥበት ሲበዛና አየር ሲያጣ ይበረታል። አንዴ ከያዘ መድኃኒት የለውም።

እዚህ ላይ ነው ዋናው ነገር የገባኝ። ለአደገ ተክል ጥሩ የሆነ አፈር ለቡቃያ ጥሩ አይደለም። አራስ ልጅ ክትፎ አይበላም። ዘር የመጀመሪያዎቹን ቀናት የሚያሳልፍበትን ስንቅ ይዞ ነው የሚወጣው። በዚያ ጊዜ ከአፈሩ የሚፈልገው ምግብ ሳይሆን አየርና ልከኛ እርጥበት ነው። ሥር ይተነፍሳል። ውሃ ብቻ ሞልቶ አየር ያጣ አፈር ውስጥ ሥር ይታፈናል፣ ቅጠሉ ደግሞ የተጠማ ይመስላል፣ እኛም ያንን አይተን ውሃ እንጨምራለን። አምና ያደረግኩት ይሄንን ነው።

ሌላ ያላወቅኩት ነገር፣ በከረጢት የሚሸጠው «አፈር» አብዛኛውን ጊዜ አፈር አይደለም። ዋናው ነገሩ ፒት ሞስ ነው፣ ረግረግ ቦታ ላይ ለሺህ ዓመታት የተጠራቀመ የሞተ ሣር መሰል ተክል። ከዚያ የዛፍ ቅርፊት፣ ብስባሽ፣ እና ነጭ ነጩ ፐርላይት ይጨመራል። ፐርላይት ብዙ ሰው ፎም ይመስለዋል። አይደለም፣ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ብርጭቆ መሰል ድንጋይ ነው፣ በኃይለኛ ሙቀት ሲጠበስ እንደ ፈንዲሻ ይፈነዳል። ሥራው በአፈሩ መሃል የአየር ክፍተት መፍጠር ነው። አገር ቤት ችግኝ ጣቢያ ላይ ያደገ ሰው ይሄ ሐሳብ አይገርመውም፣ እዚያም የጫካ አፈር፣ ብስባሽና አሸዋ ተደባልቆ ነው ፕላስቲኩ የሚሞላው። አሸዋው ለጌጥ አይደለም። ዋልካ አፈር ብቻውን ዕቃ ውስጥ ሞልታችሁ ብትተክሉ ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ፤ ሲረጥብ ይጨቀያል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ከሜዳ ቆፍራችሁ አፈር ዕቃ ውስጥ አትሙሉ የሚባለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ገዛኋቸው ልምጣ።

የመጀመሪያው የኤስፖማ ኦርጋኒክ ሲድ ስታርተር ነው። ኤስፖማ ኒው ጀርሲ ውስጥ በ1929 የተመሠረተ ድርጅት ነው። ባለ 8 ኳርት ከረጢቱን ገዛሁ፣ ወደ 7 ሊትር ተኩል ይሆናል፣ ለጀማሪ ይበቃል። ውስጡ በአብዛኛው ፒት ሞስና ፐርላይት ነው፣ ማይኮራይዛም ተጨምሮበታል፤ ማለትም ከሥር ጋር ተጋግዞ የሚኖር፣ ሥሩ የማይደርስበት ድረስ ሄዶ ውሃና ምግብ የሚያመጣለት ፈንገስ ነው። እጄ ውስጥ ሳፍሰው እንደ በሶ ዱቄት ለስላሳ ነው፣ ቀላል ነው፣ ትልልቅ እንጨት የለውም። ለበሶብላ ይሄ ወሳኝ ነው። የበሶብላ ዘር ደቃቅ ነው። አፈር ላይ በትናችሁ በጣም ስስ አልብሱት፣ ከተቀበረ አይወጣም። ሻካራ አፈር ላይ ብትዘሩት ዘሩ በቅርፊቱ መሃል ገብቶ ይጠፋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፣ ይሄ ለፒት ሞስ ሁሉ ይሠራል። ደረቁን ዕቃ ላይ ሞልታችሁ ከላይ ውሃ አታፍስሱ። ፒት ሞስ ከደረቀ ውሃ አይቀበልም፣ ውሃው በጎን ሮጦ ይወጣል፣ መሃሉ ደረቅ እንደሆነ ይቀራል። መጀመሪያ ሰፌድ በሚያህል ሳፋ ላይ አድርጋችሁ፣ ለብ ያለ ውሃ ጥቂት ጥቂት እያላችሁ፣ በእጃችሁ እሹት፣ ልክ ሊጥ እንደምታሹት። ከዚያ አንድ ጭብጥ አንሱና ጨመቅ አድርጉ። ሁለት ሦስት ጠብታ ከወጣ፣ ጭብጡ ቅርጹን ከያዘ፣ በጣት ስትነኩት ደግሞ ከተፈረፈረ፣ ልክ ነው። ውሃው ከፈሰሰ በዝቷል። እኔ ዘንድሮ ይሄን ፈተና ያላለፈ አፈር ላይ አንድም ዘር አልዘራሁም። ለዚህ አፈር ያለኝ ፍርድ አጭር ነው፦ ዘር ለማብቀል ግዙት። ከዚያ በላይ አትጠብቁበት፣ ምግቡ ትንሽ ስለሆነ ቡቃያው ውስጡ ለወራት እንዲቆይ አልተሠራም።

ሁለተኛው በጡብ መልክ ተጨምቆ የሚሸጥ የኮኮናት ቃጫ ነው። ፒት ሞስ የሚወጣበት ረግረግ በዓመት አንድ ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚተካው፣ ይሄ ያሳስበኛል፣ ስለዚህ ቃጫውን ከልቤ ልወደው ፈልጌ ነበር። ጡቧ ውሃ ስታገኝ እየተነፋች ባልዲ ትሞላለች፣ ልጆች ካሉ ጠርታችሁ አሳዩአቸው። አየር ይይዛል፣ ከደረቀ በኋላም ውሃ በቀላሉ ይቀበላል። ግን ለጀማሪ አልመክረውም። ብዙ ጊዜ ጨው ስለሚኖረው በደንብ መታጠብ አለበት፣ ካልሲየምን ለራሱ ይይዛል፣ ምግብ ደግሞ የለውም ማለት ይቻላል፣ ሁሉንም እናንተ ለክታችሁ መስጠት ይኖርባችኋል። የለመደ ሰው ደስ ብሎት ይሠራበታል። እኔ ሲሶ ያህሉን ከሌላ አፈር ጋር ደባልቄ ጨረስኩት፣ እንደ ድብልቅ ጥሩ ነው።

ሦስተኛው ደግሞ ይሄን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ነው። የፎክስፋርም ሃፒ ፍሮግ። ፎክስፋርም ካሊፎርኒያ፣ ሃምቦልት ካውንቲ ያለ ድርጅት ነው። ስለዚህ አፈር ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ካገኘሁት አብዛኛው ሕጉ በሚፈቅድላቸው ግዛቶች ካናቢስ ቤታቸው የሚያሳድጉ ሰዎች የጻፉት ነበር፣ በተለይ የቀኑን ርዝመት ሳይጠብቅ ዕድሜው ሲደርስ ራሱ የሚያብበውን ዓይነት የሚተክሉ። መጀመሪያ ለእኔ አይሆንም ብዬ ልዘለው ነበር። ቆም ብዬ ሳነበው ግን የሚጨነቁበት ነገር ከእኔ ጋር አንድ ነው። ዕድሜው አጭር የሆነ ተክል ሲዛወር ከተደናገጠ የሚያገግምበት ጊዜ የለውም ይላሉ። የእኔም በሶብላ እንደዚያው ነው። ሜሪላንድ ላይ ውጭ የሚቆየው ከግንቦት እስከ መጀመሪያው ውርጭ ብቻ ነው። ሁለት ሳምንት አኩርፎ ከቆመ አበባው ሳይበስል ብርዱ ይደርስበታል። እኔ ደግሞ የምፈልገው አበባውን ነው፣ ለበርበሬና ለሽሮ፣ ለቅቤ ማንጠሪያም።

ሃፒ ፍሮግ ባለ 2 ኪዩቢክ ፊት ከረጢት ነው፣ 57 ሊትር ገደማ። ሊፍት ከሌላችሁ ሰው ያግዛችሁ። እኔ የከፈልኩት ከ20 እስከ 30 ዶላር መሃል ነው፣ ዋጋው ከመደብር መደብር ይለያያል፣ ትልልቆቹ ጋ ካጣችሁት የአትክልት መሣሪያ ብቻ የሚሸጡ ትናንሽ ሱቆች ጋ ጠይቁ። ውስጡ የዛፍ ቅርፊት፣ ፒት ሞስ፣ ፐርላይት፣ የምድር ትል ኩስ፣ የሌሊት ወፍ ኩስ እና ማይኮራይዛ አለው። ፍግ የምናውቅ ሰዎች ስለሆንን ኩስ ሲባል አይደንቀንም። የወደድኩለት ነገር ምግቡ መካከለኛ መሆኑ ነው። ሁለት ሦስት ጥንድ እውነተኛ ቅጠል (ከዘሩ ጋር አብረው ከሚወጡት የመጀመሪያ ቅጠሎች በኋላ የሚመጣውን) ያወጣ ችግኝ ገብቶበት አንድም ቅጠል ሳይቃጠል ቀጥሏል። ከረጠበ በኋላም ቀላል ነው፣ ጣቴን ስሰድበት ይገባል። እኔ በአራት እጅ አፈር ላይ አንድ እጅ ተጨማሪ ፐርላይት ጨመርኩ፣ ምክንያቱም በረንዳዬ ከሰዓት በኋላ ጥላ ስለሚሆን ቶሎ አይደርቅልኝም። ፀሐይ ቀኑን ሙሉ የሚመታችሁ ከሆነ አያስፈልግም።

አራተኛው የዚያው ድርጅት ኦሽን ፎረስት ነው፣ ባለ 1 ነጥብ 5 ኪዩቢክ ፊት። በዚህ ላይ የዓሣና የሸርጣን ዱቄት አለበት፣ ከሃፒ ፍሮግ የበለጠ ለም ነው። ጥራቱ አያጠያይቅም፣ ግን ለቡቃያ አይደለም። እኔ ቃሪያው ጠንክሮ ወደ ትልቁ ዕቃ ሲገባ፣ ከታች በኩል ግማሽ ድረስ ኦሽን ፎረስት፣ ከላይ ሃፒ ፍሮግ አደረግኩለት። ሥሩ ወደ ታች ሲወርድ፣ ለጠንካራው ምግብ ዝግጁ በሆነበት ሰዓት ያገኘዋል። ሐምሌ መጨረሻ ድረስ ሌላ ማዳበሪያ አላስፈለገውም። አንድ ከረጢት ብቻ የመግዛት አቅም ያለው ሰው ቢጠይቀኝ ግን ያለ ማመንታት ሃፒ ፍሮግን ውሰድ እለዋለሁ።

ስለ ማዛወሩ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የትኛውም አፈር ቢሆን እዚህ ላይ ከተበላሸ ዋጋ የለውም።

አምና ችግኞቹን ያዛወርኩት በቀኑ መሃል፣ በፀሐይ፣ አፈራቸው ደርቆ ሳለ ነው። ከዕቃው ሳወጣቸው አፈሩ ተበትኖ ሥራቸው እርቃኑን ቀረ። አንዳንዱን በግንዱ ይዤ ነው የጎተትኩት። ይሄን በጭራሽ አታድርጉ። ቅጠል ቢቀደድ ሌላ ያወጣል፣ ግንዱ ከተቀጠቀጠ ግን አለቀለት። መያዝ ካለባችሁ ቅጠሉን ያዙ። ከሁሉ የተሻለው ግን ምንም ሳይነኩ ማውጣት ነው። ግንዱን በሁለት ጣቶቻችሁ መሃል አሳልፋችሁ፣ መዳፋችሁን አፈሩ ላይ አድርጋችሁ፣ ዕቃውን ገልብጣችሁ ቂጡን መታ መታ አድርጉት። ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ውሃ ካጠጣችሁት ሙሉው ተያይዞ ይወጣል።

መቼ ነው የሚዛወረው? ቀን አትቁጠሩ። ከታች ባሉት ቀዳዳዎች ነጭ ሥር ብቅ ሲል፣ ቀስ ብላችሁ ስታወጡት ሥሩ አፈሩን አቅፎ ከያዘ ደርሷል። ሥሩ ዙሪያውን ተጠምጥሞ ከሆነ ዘግይታችኋል። አፈሩ እጃችሁ ላይ ከፈረሰ ደግሞ ቸኩላችኋልና መልሳችሁ ለአንድ ሳምንት ተዉት። እኔ የእርጎ ኩባያ ከታች በስቼ ነው የተጠቀምኩት፣ በደንብ ያገለግላል።

የዕቃ መጠን ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ትንሽ ችግኝ ትልቅ ዕቃ ውስጥ ሲገባ ሥሩ ያልደረሰበት አፈር ውሃውን የሚጠጣለት ስለሌለ እርጥብ እንደሆነ ይቆያል፣ ከዚያ መበስበስ ይመጣል። ቃሪያውን በሁለት ደረጃ ነው ያሳደግኩት፤ ከኩባያ ወደ አንድ ጋሎን፣ ከአንድ ጋሎን ወደ አምስት። በሶብላውን ግን ከላይ በጠቀስኩት ምክንያት አንድ ጊዜ ብቻ አዛወርኩት፣ ከኩባያ በቀጥታ መጨረሻ ወደሚኖርበት ባለ ሁለት ጋሎን የጨርቅ ዕቃ። ውሃውን ዙሪያውን ሳይሆን ከግንዱ አጠገብ ብቻ፣ ጥቂት ጥቂት ሰጠሁት፣ እያደገ ሲሄድ ክቡን አሰፋሁ። የጨርቅ ዕቃ በጎንም ስለሚተነፍስ ለጀማሪ እጅ ይቅር ባይ ነው። ታች ጠጠር የማድረግ ልማድ ካላችሁ ተዉት። ውሃው ጠጠሩ ላይ ሲደርስ ይቆማል እንጂ ቶሎ አይወርድም፣ ሥሩ ወደሚኖርበት ከፍ ብሎ ይጠራቀማል።

ጥልቀቱስ? ቲማቲም እስከ አንገቱ ቢቀበር ከግንዱ ሥር ያወጣል። ቃሪያ ትንሽ ዝቅ ቢል አይጎዳም። ጤና አዳምን ግን በነበረበት ልክ ትከሉት፣ ግንዱ ላይ አፈር አትቆልሉበት። ጤና አዳም ስትነኩ ጓንት አድርጉ፣ ፈሳሹ ቆዳ ላይ ነክቶ ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላል፣ ውሃ ያቋጥራል።

ከተተከለ በኋላ ያለው ሥራ መታገሥ ነው። ማታ ተክሉ፣ ለብ ያለ ውሃ አጠጡ፣ ሁለት ሦስት ቀን ጥላ ውስጥ አቆዩ። ማዳበሪያ ለሁለት ሳምንት የለም። በማግስቱ ጠውልጎ ብታዩት አትደንግጡ፣ አፈሩን በጣት ነክታችሁ እርጥብ ከሆነ ውሃ አትጨምሩ። ወደ ውጭ ሲወጣ ደግሞ እንደ ልጅ ነው የሚለማመደው፤ መጀመሪያ ቀን አንድ ሰዓት በጥላ፣ ከዚያ እየጨመሩ፣ ከ7 እስከ 10 ቀን ድረስ። እዚህ አካባቢ ሰው ችግኝ የሚያወጣው ከእናቶች ቀን በኋላ ነው፣ የግንቦት ሁለተኛ እሑድ በፈረንጆቹ። እኔ ግን የሌሊቱን ሙቀት ነው ያየሁት። ሌሊት ከ13 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች የሚወርድ ከሆነ ቃሪያም በሶብላም አላወጣሁም።

ዘንድሮ 24 አፈላሁ። 21ዱ ቆመዋል። ሁለት በሶብላ ድመት ነው የበላብኝ፣ አንዱ ጤና አዳም ምክንያቱን ሳላውቅ ደረቀ። ጥቁሮቹ ዝንቦች መጥተው ነበር፣ ቢጫ የሚያጣብቅ ወረቀት አፈሩ አጠገብ ሰክቼ፣ የላዩን ሁለት ጣት ያህል እስኪደርቅ ውሃ ሳልሰጥ ቆይቼ ጠፍተዋል።

የበሶብላው አበባ መጥቆር ሲጀምር ለእማዬ በቪዲዮ አሳየኋት። ስልኩን ወደ ዕቃው አስጠግቼ «ይሄውልሽ እማዬ» አልኳት። «አፈሩን አሳዪኝ እስቲ» አለችኝ። አሳየኋት። አንድ እፍኝ አንስቼ ጨመቅኩት፣ ከዚያ በጣቴ ነካ አደረግኩት፣ ተፈረፈረ። «እሱ አፈር ነው፣» አለች፣ «ዘሩን እንዳትጨርሺው፣ ግማሹን አስቀሪ።» አስቀርቻለሁ። ከፊሉን መጀመሪያ ዘር ለሰጡኝ ጎረቤቴ በፖስታ አድርጌ ወሰድኩላቸው፣ የሳቸው ዘንድሮ ሳይበቅል ቀርቶ ነበር። የሃፒ ፍሮጉም ሲሶ ስለተረፈኝ እሱንም በባልዲ አድርሼላቸዋለሁ።